ቤዛ የተባለው ግድብ

ታላቁ ጦርነት አብቅቶ፤ ከየግንባሩ የተረፈው ሰው ወደየቤቱ ከገባ ጥቂት ዓመታት ባለፉበት፤ ዓለም ሁሉ ጨለማን በሽቦ ለማባረር በሚሽቀዳደምበት በዚያ ዘመን፤ በሁለት ኮረብቶች መካከል ይወርድ የነበረ አንድ ወንዝ በበጋው ማለቂያ ላይ ድምፁን አጠፋ። በታች ባለችው ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ያን ማለዳ ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው ዝምታው ነበር። ልብስ አጣቢዎች ወደ ወንዙ ቢወርዱ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተኝተዋል፤ ባለ ሱቆች ሳንቃቸውን ግማሽ ከፍተው ጆሯቸውን አቀኑ፤ አረጋውያንም አንድ የሚያውቁት ሰው የሞተ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። ከላይ፤ በጠባቡ ሸለቆ አፍ ላይ፤ ከአፈርና ከድንጋይ ተከምሮ የቆመው ትልቁ ግድብ ውሃውን ይዞታል። ከጀርባውም ሐይቅ መወለድ ጀምሯል።

የዚህን ግድብ ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ ዕድሜው አርባን ያለፈ፤ ቀጭን፤ ትከሻው ጎበጥ ያለ፤ ሲያዩት ገና ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል ሰው ነበር። ስም ነበረው፤ ዳሩ ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ከአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት አንሥቶ እስከ ገበያው ድረስ ሁሉም «ቢሆንስ» ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሹማምንቱ መክረው፤ ተስማምተው፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ፤ እርሱ አንገቱን ቀና አድርጎ «እሺ፤ ግን እንዲህ ቢሆንስ?» ሳይል ስብሰባ ተፈትቶ አያውቅም። ድልድይ ሲሠራ «ዛፍ ተነቅሎ መጥቶ ቢጋረጥበትስ?» ይላል፤ ጎተራ ሲሠራ «ምስጥ ቢገባበትስ?» ይላል፤ ሚስት ሳያገባ የቀረውም «እምቢ ብትለኝስ?» ሲል ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እርሱም ቀልዱን ሰምቶ አብሮ ይስቃል፤ ምክንያቱም ቀልዱ ከእውነት ብዙም የራቀ አልነበረም።

የሥራ ክፍሉ አንዲት መስኮት ብቻ ነበረችው፤ መስኮቷም ወደ ወንዙ ታያለች። ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ሣህን ነበር፤ በሣህኑ ውስጥ በጭቃ ትንሽ ግድብ ይሠራል፤ ከጀርባው በማንቆርቆሪያ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ ክንዱን ተንተርሶ ያያል። እንዲህ ሲያይ ብዙ ጊዜ ሸለብ ያደርገዋል፤ በሰመመን ውስጥም ያ የሣህን ውሃ ሰፍቶ ሰፍቶ እውነተኛ ሐይቅ ይሆንበታል፤ ዳርቻው ላይ ሰዎች ሲራመዱ፤ መስኮቶች ሲበሩ፤ የማያውቃቸው ልጆች በስማቸው ሲጠራሩ ይሰማዋል። ሲነቃ ግን ሁልጊዜ የሚያገኘው ያንኑ ነው፤ ውሃው በጭቃው አናት ላይ እንደ ክር ቀጥኖ አልፏል፤ ክሩ ቦይ ሆኗል፤ ግድቡም የለም። ከአፈር የተሠራ ግድብ ውሃ በደረቱ ሲገፋው ዘመን ይቆማል፤ በራሱ ላይ ከዘለለው ግን አንድ ቀን አያድርም። መሐንዲሱ ይህን ከመጽሐፍ ያወቀው ነው፤ ከመጽሐፍ ያወቀውን ደግሞ በየቀኑ እያለመ ይፈራው ነበር።

ትርፉ ውሃ በግድቡ ላይ እንዳይዘል፤ በቀኝ በኩል ያለው ዐለት ተፈልፍሎ ማስተንፈሻ ተሠርቶለታል። መሐንዲሱ ግን ወንዙ ገና ሳይያዝ ማስተንፈሻው ጠበበኝ አለ። ዐለቱን አስፍቶ ለመፈልፈል ሌላ በጋ ያስፈልጋል፤ አገረ ገዥው ደግሞ ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶቻቸውን በኤሌትሪክ ብርሃን ሊቀበሉ ቀን ቆርጠዋል። አገረ ገዥው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትጉህ፤ ቸኩለው የሚያስቡ፤ ከተማቸውን የሚወዱ ሹም ነበሩ፤ አንድ አመል ግን ነበረባቸው፤ ችግር ሲነገራቸው «ግድ የለም» ይላሉ። መሐንዲሱ ስለ ማስተንፈሻው ሊነግራቸው በገባ ቀንም በሰፊው አዳራሻቸው መካከል ቆመው እንዲሁ አሉ።

«ሽማግሌዎቹን አስጠይቄአለሁ፤ ይህ ማስተንፈሻ የማይችለው ጎርፍ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ግድ የለም።»

«ክቡርነትዎ፤ ያላዩት ቢመጣስ?»

ጸሐፊዎቹ ሣቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አገረ ገዥው ግን አልሣቁም፤ ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው ብለው ጠየቁት፤ መሐንዲሱም ንድፉን ዘርግቶ አሳያቸው። ከሐይቁ በስተግራ፤ በሁለት ጉብታዎች መካከል፤ ሰዎች ኮርቻው የሚሉት ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ያም ቦታ በትንሽ ግድብ መደፈኑ አይቀርም፤ እርሱ የሚለው ግን ይህ ትንሽ ግድብ በልቅ አሸዋ ይሠራ፤ ኖራ አይግባበት፤ አይጠቅጠቅ፤ አናቱም ከትልቁ ግድብ አናት በአንድ ክንድ ይነስ ነው። ማስተንፈሻው የማይችለው ጎርፍ የመጣ ቀን፤ ውሃው ትልቁን ግድብ ከመዝለሉ በፊት ይህን ትንሹን ይዘላል፤ አሸዋውን ጠርጎ ወደ ደረቁ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከከተማው በታች ዞሮ ከወንዙ ይገናኛል፤ ከተማውም ይድናል።

«እንዲፈርስ ብለን ግድብ እንሥራ ነው የምትለኝ?» አሉ አገረ ገዥው።

«ክቡርነትዎ፤ ሰው የሠራው ነገር ሁሉ ከአቅሙ በላይ የመጣበት ቀን ይፈርሳል። እኔ የምለምነው የሚፈርስበትን ቦታ ለውሃው ከመተው እኛ እንድንመርጥ ነው።»

አገረ ገዥው ወደ መስኮቱ ዞረው ከተማቸውን ተመለከቱ። በመጨረሻም ፈቀዱ፤ የአሸዋው ግድብ ከዐለቱ ሥራ ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ መሆኑ ሳያባብላቸው አልቀረም። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፤ በምረቃው ቀን ስለዚህ ግድብ አንዳች እንዳይነሣ፤ ለእንግዳ የሚፈርስ ነገር አይታይምና። ከተማውም ወሬውን ሰምቶ፤ ይህ ግድብ «ግድ የለም»ና «ቢሆንስ» ተጋብተው የወለዱት ነው ብሎ ቀለደ። መሐንዲሱ ግን ለአሸዋው ክምር ስም አወጣለት፤ ቤዛ አለው።

ሥራው የተሰጠው ለግንበኞቹ አለቃ ነበር። ይህ ሰው በዚያ አገር የቆመ ግንብ ሁሉ የእጁ አሻራ ያለበት፤ ጠጉሩ የሸበተ፤ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህም የሚያጫውተው ድንጋይ ብቻ ነበር። መሐንዲሱ አይጠቅጠቅ፤ ኖራ አይግባበት ሲለው፤ አለቃው ዱላ እንደ ቀመሰ ሰው ፊቱን ቋጠረ። እሺ አለ፤ ሠራውም፤ ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ መሐንዲሱን ወደ ዳር ጠርቶ፤ ይህን እኔ እንደ ሠራሁት ለማንም እንዳይነገርብኝ ብሎ ለመነ።

አሁን ስለ ደረቁ ሸለቆ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ባዶ አልነበረም። ከኮርቻው በታች አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች፤ በሯ ሰማያዊ፤ ደጃፏ በእግር ብዛት የጎደጎደ፤ ዙሪያዋ የኮክ ዛፍ የሞላ። በዚያች ቤት የምትኖረው የመሐንዲሱ ታላቅ እኅት ነበረች። ሸለቆው ይለቀቅ ተብሎ ሲወሰን ለእርሷም በከተማው ውስጥ ቤት ተሰጣት፤ እርሷ ግን ቤቱን አይታ፤ ግድግዳውን በእጇ ዳብሳ፤ ደህና ነው ብላ አመስግና፤ ተመልሳ ወደ ኮክ ዛፎቿ ሄደች። መሐንዲሱ አገረ ገዥን ይከራከራል እንጂ እኅቱን መከራከር አይችልም። ስለዚህ ተስማሙ፤ በጋውን በቤቷ ትቆያለች፤ ዝናብ ሲገባ ወደ ከተማ ትወርዳለች። ሰውን ሁሉ «ቢሆንስ» እያለ ሲያስጨንቅ የኖረው ሰው ለገዛ እኅቱ ሲሆን ጨከን ማለት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ረጅም የከሰዓት እንቅልፍ አለፉ። መብራቱ በራ፤ እንግዶቹ መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ሄዱ። ዝናቡ ቀጠነ። ሐይቁ ከኮርቻው ርቆ ተኛ፤ ሰማዩን እንዳለ ተሸክሞ፤ ደመናውን ከታች፤ ኮረብታውን ተገልብጦ እያሳየ። መሐንዲሱ በበዓል ቀናት ወደ ቤዛ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ እንሽላሊቶች በአሸዋው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከታች ከእኅቱ ቤት የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይመጣል። እርሷ በመጀመሪያው ክረምት ወደ ከተማ ወረደች፤ በሁለተኛውም እያጉረመረመች ወረደች፤ በሦስተኛው ግን የትኛውን ዝናብ ፈርቼ ብላ ቀረች። እርሱም አላስገደዳትም። የከተማው ሰው ሲያየው የፈሩት ይደርሳል እያለ ያሾፍበታል፤ እርሱም ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ምናልባት እነርሱ ልክ ይሆኑ ይሆን ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር።

በአንድ በጋ ለሌላ ወንዝ ድልድይ ሊነድፍ ወደ ሩቅ ቦታ ተላከ። የተመለሰው ዝናብ ከገባ በኋላ ነው። ያ ክረምት ከጊዜው ቀድሞ ገባ፤ ገብቶም አልወጣ አለ፤ ኮረብቶቹ በጭጋግ ተሸፍነው ቀኑና ሌሊቱ አንድ ሆነ፤ ሰዎች በመንገድ ላይ ሲገናኙ ከመተያየታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐይቁ ቀስ እያለ ከአሸዋው እግር ደረሰ። መሐንዲሱ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ምርኩዙን ይዞ ወደ ኮርቻው ወጣ። እዚያ ሲደርስ የማያስቀራት አንዲት ልማድ ነበረችው፤ ምርኩዙን በቤዛ አናት ላይ ይተክላል፤ አሸዋው እስከ እጀታው ድረስ ከዋጠለት ፈገግ ብሎ ይመለሳል። ያን ማለዳ ግን ምርኩዙ ጥቂት ገባና ቀጭ አለ። ፈቀቅ ብሎ ተከለ፤ ቀጭ አለ። ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ጫረው፤ ከሥሩ ተስተካክሎ የተጠረበ፤ በኖራ የተያያዘ፤ ያማረ ግንብ አገኘ።

ማን እንደ ሠራው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ እንዲያ የሚገጥም ድንጋይ በዚያ አገር የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። አስጠራው። አለቃው ከጭጋጉ ውስጥ ወጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጉድጓዱን አየ፤ ምንም የሚክደው ነገር አልነበረም።

«ማን አዘዘዎት፤ አለቃ?»

«ማንም አላዘዘኝ። ሰው ከታች እያደረ ከላይ የሚፈርስ ነገር ሠርቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እርስዎ በሌሉበት በጋ ልቡን በድንጋይ አሠርሁት።» ዝናቡን ከፊቱ ጠረገ። «እርስዎ ‹ቢሆንስ› ይላሉ፤ መሐንዲስ። እኔም አንድ ቀን ‹ቢሆንስ› አልሁ።»

መሐንዲሱ ተቆጣ፤ ነገር ግን ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። አለቃው ከብዙ ዘመን በፊት፤ ገና ጎረምሳ ሳለ፤ ያችን ሰማያዊ በር አንኳኩቶ የቤቱን ልጅ ላግባሽ እንዳላትና እርሷም እንቢ እንዳለችው መሐንዲሱ ያውቃል፤ ለምን እንቢ እንዳለችውም ያውቃል። ደግሞም አለቃው ድንጋዩን ያስገባው ከታች ሰው ስላለ ነው፤ ከታች ሰው እንዲኖር የፈቀደው ማን ነው? ይህን ሲያስብ አፈረ። እፍረቱን ግን የሚያዳምጥበት ጊዜ አልነበረውም። ቤዛ አሁን ከትልቁ ግድብ ይልቅ ጠንካራ ሆኗል፤ ውሃው ቢዘለው አይጠረግም፤ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ትልቁን ይዘላል፤ ከትልቁ በታች ደግሞ ምድጃውን እያነደደ፤ ልጁን እያጠበ፤ ምንም የማያውቅ ከተማ አለ። ይህን ለአለቃው ነገረው። አለቃው ከጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኮ የገዛ ድንጋዩን በእጁ ያዘ።

«የሠራሁትን እኔው አፈርሰዋለሁ» አለ። «ሠራተኞቼን ይዤ አሁኑኑ እጀምራለሁ። ነገር ግን እኅትዎ ሳይወጡ አንዲት ድንጋይ አላነሣም። ሄደው ይንገሯቸው።»

መሐንዲሱ ቁልቁል ወረደ። የኮክ ዛፎቹ በጭጋጉ ውስጥ ግንድ የሌላቸው ይመስሉ ነበር፤ ቅጠላቸው ብቻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ሰማያዊው በር ገርበብ ብሏል። እኅቱ በመስኮቱ አጠገብ በስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ትዘመዝማለች፤ ቀና ብላ አየችውና እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ እግርህን ጥረግ አለችው። እርሱም ሁሉን ነገራት፤ ስለ ግንቡ፤ ስለ ውሃው፤ ግንቡ ከተነሣ በኋላ አሸዋው በየትኛው ሰዓት እንደሚሄድ ማንም እንደማያውቅ። መኪናዋ ሥራዋን ቀጠለች።

«በየክረምቱ ውሃ ይመጣል ትለኛለህ» አለች፤ «በየክረምቱ የሚመጣው ግን አንተ ብቻ ነህ።»

«ዘንድሮ ይመጣል፤ እትዬ።»

«ለዚያ አሸዋ ያወጣህለት ስም ማን ነበር?»

«ቤዛ።»

«ቤዛ» አለች ቃሉን እንደ ጨርቅ እያገላበጠች። «አሸዋውን ነው ቤዛ ያልኸው፤ ወይስ እኔን?»

አባትና እናታቸው በአንድ ወረርሽኝ የሞቱ ጊዜ እርሱ ጥርሱን ገና ያልቀየረ ልጅ ነበር፤ እርሷም ለአቅመ ሔዋን የደረሰች። ሊያገባት ለጠየቃት ጎረምሳ ግንበኛ የሰጠችው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ልጁስ?» አለችው። በዚህች መኪና የሰው ልብስ እየሰፋች አስተማረችው፤ መጽሐፍ ገዛችለት፤ ወደ ሩቅ አገር ልካ መሐንዲስ አድርጋ አስመጣችው። እርሱ በልጅነቱ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ከመርገጫው አጠገብ ባለችው ዱካ፤ በዚያች አጭር የእንጨት መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ፤ «እትዬ፤ አንቺም ብትሞቺስ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። እርሷም ዘወትር «ግድ የለም፤ እኔ አለሁ» ትለዋለች፤ መርገጫውን ትረግጣለች፤ እርሱም በዚያ ድምፅ ውስጥ ይተኛል። ከተማው ሁሉ የሚስቅበት ያ «ቢሆንስ» የሚለው ቃል የተወለደው በዚህች ክፍል፤ በዚያች ዱካ ላይ ነበር።

ዱካዋ አሁንም እዚያው ነበረች። መሐንዲሱ ጉልበቱ ደረቱ እስኪደርስ ድረስ ተጣጥፎ ተቀመጠባት።

«እትዬ» አለ፤ «ውሃው ቢመጣስ?»

እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። ዞር ብላ አየችው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ከጠጉሩም ውሃ ይንጠባጠባል። ግድ የለም ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዕድሜ ልኳን ያለችው ቃል ነውና ምላሷ ላይ ነበረ። አላለችውም። ቀሚሱን አጣጠፈች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ቤቱን ከጣራው እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ጊዜ አየችው።

«እሺ» አለች። «መኪናዋን ግን የምትሸከማት አንተ ነህ።»

እንዲህ ሆነው ወደ ኮርቻው ወጡ፤ እርሱ ብረቱን ታቅፎ እያለከለከ፤ እርሷ ከኋላው አንዲት የጨርቅ ጥቅል ይዛ፤ በሩን ዘግታ። ለምን እንደ ዘጋችው አልጠየቃትም። ከላይ አለቃውና ሠራተኞቹ ዶማቸውን ተደግፈው ይጠብቋቸው ነበር። እርሷ ወደ ተገለጠው ግንብ ጠጋ ብላ እጇን በድንጋዩ መጋጠሚያ ላይ አሳለፈች።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«እኔ ነኝ» አለ አለቃው።

«ጥሩ ግንብ ነው።»

«ነበር» አለና ዶማውን አነሣ።

ኖራው ጠንክሮ ነበርና ሥራው አድካሚ ሆነ፤ አለቃው እያንዳንዱን ድንጋይ ሲነቅል ፊቱ ይጨማደዳል፤ ያም ሆኖ አንዱንም ለሌላ ሰው አልተወም። በማግስቱ ቀትር ላይ የግድቡ መካከል እንደገና አሸዋ ብቻ ሆነ፤ መሐንዲሱም ምርኩዙን ተከለ፤ ምርኩዙም እስከ እጀታው ገባ። ሁሉም ወደ ጉብታው ወጥተው ቆሙ። ሐይቁ ሞልቶ፤ ሰፍቶ፤ ዳርቻው ጠፍቶ፤ ከጭጋጉ ጋር አንድ ሆኖ ነበር፤ የት ላይ ውሃ እንደሚያበቃና የት ላይ ሰማይ እንደሚጀምር የሚያውቅ አልነበረም። ማስተንፈሻው አፉን ሞልቶ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ግን ከሩቅ ሕልም የሚመጣ ይመስላል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ምላስ በአሸዋው ላይ ተንሸራተተች፤ ትንሽ ልጅ ከቤት ሾልኮ እንደሚወጣ ዓይነት፤ ቆም አለች፤ ደግማ ሮጠች። ከዚያ ቦይ ሆነች። ከዚያ ቤዛ ያለ ብዙ ድምፅ፤ እንደ ተነገረውና እንደ ታዘዘው፤ ከመካከሉ ሄደ። ሐይቁ ወደ ደረቁ ሸለቆ ዘንበል አለ። የኮክ ዛፎቹ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ሳይወድቁ በውሃው ላይ ተጓዙ፤ ቅጠላቸው እንዳለ፤ ተራ በተራ፤ ያልተቸኮለ መንገደኛ ይመስል። የቤቷ ጣራ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ ዞረ። ሰማያዊው በር ከነመቃኑ ተነቅሎ በውሃው ላይ በጀርባው ተኛ፤ እንደ ተዘጋ ነበረ፤ ሩቅ እስኪሄድ ድረስም ታየ። እርሷ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ ከአጠገቧ ቆመ።

መሐንዲሱ ግን ወደዚያ አላየም። ጀርባውን ሰጥቶ ትልቁን ግድብ ይመለከት ነበር። ውሃው ከአናቱ በታች እጅ የማይሞላ ቦታ ሲቀረው ቆመ። ረጅም ጊዜ የቆመ መሰለው። ከዚያም በድንጋዮቹ ላይ እርጥብ መስመር ትቶ ወደ ታች ወረደ። በዚያን ሰዓት በከተማው ገበያተኛው ዝናቡን እያማረረ ሸራውን ይጠቀልላል፤ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው በኩሬ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ማታም መብራቱ እንደ ወትሮው በራ።

ነገሩ የተሰማው በማግስቱ ነው፤ የተሰማውም የመሐንዲሱ ግድብ ፈረሰ ተብሎ ነው። ሐይቁ ስለ ጎደለ መብራቱ ጥቂት ሳምንታት ደከመ፤ ሰውም ተቆጣ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፤ ትናንት ቢሆንስ እያለ ሲያስፈራራን የነበረው ሰው የገዛ ሥራው እንኳ አልቆመለትም ብሎ ሣቀበት። አገረ ገዥው አስጠሩት። እውነቱን ያውቃሉ፤ ሊያዩትም አልደፈሩም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ተናገሩ።

«ሕዝቡ ትልቁ ግድብ ሊዘለል ነበር ብሎ ዕድሜ ልኩን እየፈራ ከሚተኛ፤ አንተ ተሳስተሃል ብሎ ስቆ ቢተኛ አይሻልም? ግድ የለም፤ ያልፋል።»

መሐንዲሱ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ቤዛ እንደ ቀድሞው፤ በአሸዋ ብቻ፤ እንደገና ይሠራ አለ። እውነቱ በአደባባይ ቢወጣ ሹማምንቱ ደንግጠው ኮርቻውን በድንጋይና በሲሚንቶ እንደሚደፍኑት ያውቃል። አገረ ገዥው «ለጊዜው በአሸዋ ይሁን» ብለው ፈቀዱ፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ በየትኛውም አገር ዕድሜው ረጅም ነው። እርሱ ከሥራው ተሻረ። አለቃው እውነቱን ወጥቼ ልናገር ብሎ መጣ፤ መሐንዲሱም ይልቅ ሄደው አሸዋውን ይንፉ አለው። አለቃውም ሄደ። አሸዋውን በወንፊት ነፋ፤ ሠራተኞቹ እንዳይረግጡት ተቆጣ፤ ጠጠር ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ለቀመ። በሕይወቱ የሠራው እጅግ ደካማ ግድብ ያ ነበር፤ እንዲያ የተጠነቀቀለትም ሥራ አልነበረውም።

እኅትየዋ በከተማው ቤት ውስጥ መኪናዋን በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ወንድሟም ከእርሷ ጋር ኖረ። አለቃው በየእሑዱ እየመጣ ግድግዳው ተሰንጥቋል እያለ ያልተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠግንላት ነበር። እርሷም ከመኪናዋ ቀና ብላ ታየዋለች። ሦስቱም እንዲህ አረጁ።

የዚያች ከተማ ታሪክ በኋላ ዘመን ሲጻፍ፤ ስለ ትልቁ ግድብና ስላሠሩት አገረ ገዥ ብዙ ገጽ ተጻፈ፤ ስማቸውም በዕብነ በረድ ተቀረጸ። ስለ ሌላው የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ክረምት አንድ የጎን ግድብ በሥራ ጉድለት ፈረሰ፤ ዋናው ግን ጸንቶ ቆመ ይላል። ሰውም ቸል ተብሎ የተሠራን ነገር «የቢሆንስ ግንብ» እያለ እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚህ መፍረድ አይገባም፤ የጎርፍ ታሪክ የሚቈጥረው የሞቱትን ነው፤ ያን ቀን ማታ እራታቸውን በልተው የተኙትን፤ ከእነርሱም የተወለዱትን ማን ይቈጥራቸዋል? ሳይመጣ የቀረ መከራ መቃብር የለውም፤ ሐውልትም አይሠራለትም። ኮርቻው ግን አሁንም ለጊዜው እንደ ተደፈነ ነው። ወደዚያ የሚወጣ መንገደኛ ደክሞት ምርኩዙን በአሸዋው ላይ ቢተክል፤ አሸዋው እስከ እጀታው ድረስ ይውጥለታል።